የሁለት ማጀት ልጅ

አማን፣ መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለምወድሽ ለየትምወርቅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ አክስትሽ ዝናሽ፣ የወግዲዋ ማርያም ትመስገን፣ ደኅና ነኝ። መስቀልን እንዴት ዋላችሁ? እኔ እዚህ ዐረብ አገር ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ሆኖም ልብስ ሳሰጣ ደመራው ዘንድሮ ወደየት ወደቀ ይሆን ብዬ ለብቻዬ ሳወራ አሠሪዬ ማዳም ሰምታ አበደች ብላኛለች።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ወር ቤተ ክርስቲያን አንዲት የአገራችንን ልጅ አግኝቼ ነበር። «የእህትሽን ልጅ መካነ ሰላም ሆቴል ቤት ሳህን ስታነሳ አየኋት» አለችኝ። እውነት ይሁን ውሸት ካንቺው አፍ ልስማ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያረፈች ጊዜ ቀብሯ ላይ መቆም አልቻልኩም፤ ልጇን ግን አስተምራለሁ ብዬ ከዚህ ሆኜ ምያለሁ። ቤት የተከራየሁልሽ ደብተር ይዘሽ እንድትገቢ እንድትወጪ እንጂ ትሪ ተሸክመሽ በሾፌር መሐል እንድትመላለሺ አይደለም። ሆቴል ቤት ገባች የተባለች ልጅ ስሟ ምን እንደሚሆን አገሩን ታውቂዋለሽ።

አዎ፣ ከሰኔ ወዲህ አልላክሁልሽም። ደሞዝ ትንሽ ዘግይቶብኝ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ድምፄን ያጣሽውም ስልኬ ተበላሽቶ ነው። ይኼን ወረቀት ወደ አገር የምትገባ ልጅ ደሴ ድረስ ታደርሰዋለች፤ ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል።

አሁን ግን መላ አግኝቻለሁ። ማዳሜ ንጹሕና ታማኝ ልጅ ትፈልጋለች። እኔ ያለሁበት ቤት ነው፤ ከእኔ ጋር ትሆኛለሽ። ደሴ ቢተው የሚባል ደላላ አለ፣ ጉዳዩን ሁሉ እሱ ይጨርሰዋል። ዕድሜሽንም እሱ ያስተካክለዋል፤ አትጨነቂ።

መልስሽን ወደ አማን በሚመጣ ሰው እጅ፣ በቤተ ክርስቲያናችን በኩል ቶሎ ላኪልኝ። እመ ብርሃን ከሰው ዓይን ትሰውርሽ።

አክስትሽ ዝናሽ


መካነ ሰላም፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ ለእትዬ ዝናሽ፤

እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍረሻል እያሉኝ ነው። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። ደሴ አንድ ሱቅ ውስጥ ወር ሙሉ ተቀምጦ ኖሮ፣ ሙሐመድኑር የሚባለው የሚኒባስ ሾፌር ስሜን አይቶ «ይቺማ የእኛ ናት» ብሎ በኪሱ ይዞት መጣ።

እውነት ነው እትዬ፣ ሳህን አነሳለሁ። አጥባለሁም፣ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ሒሳብም እቀበላለሁ። ውሸት ነው እንድልዎት ጠብቀው ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እንዲህ ሆነ። ሐምሌ ላይ አከራዬ ወይ ኪራዩን ወይ ቁልፉን አሉኝ፤ ቁልፉን ሰጠኋቸው። አባቴ ቤት ልግባ ብል፣ አዲሷ ሚስቱ ከመጣች ወዲህ እኔ እተኛበት የነበረው መደብ ላይ ድንች ተከምሮበታል። ያም ሆኖ ወደ እሱ ወደ ወግዲ ልሳፈር መናኸሪያ ሄድኩ። ዝናብ ያዘኝና አንድ ምግብ ቤት በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። አጠገቤ ያልታጠበ ሳህን እንደ ጉድ ተቆልሏል። ቆሜ ከማየው ብዬ ማጠብ ጀመርኩ። ከሁለቱ ባለቤቶች አንዷ፣ ወይዘሮ ኡምኩልሱም፣ ወጥተው አዩኝ።

«ማን ላከሽ?» አሉኝ።

«ዝናቡ» አልኳቸው።

«በይ እስኪያባራ እጠቢ» ብለውኝ ገቡ። ያን ቀን ዝናቡ አላባራም፤ እኔም አልተሳፈርኩም።

ቤቱ እርስዎ እንደሚያስቡት ዓይነት አይደለም። መጠጥ የለም። አንድ አዳራሽና ሁለት ወጥ ቤት ነው ያለው። በግራ በኩል ያለው የወይዘሮ አበቡ ነው፣ የክርስቲያን ሥጋ፤ በቀኝ ያለው የወይዘሮ ኡምኩልሱም፣ የሙስሊም ሥጋ። ድስቱም ቢላውም መክተፊያውም ለየብቻ ነው። ሁለቱ ሴቶች በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ማንኪያ ተሳስተው አያውቁም ይባላል። የሚጋሩት አንድ ድስት ብቻ ነው፣ የሽሮው። ሥጋ ስለማይነካው ሁሉም ይበላዋል። ምድጃውም መሐል ላይ ነው። ታዲያ በዚህ ድስት ሲጨቃጨቁ ኖረዋል፤ አንዷ ጨው አነሰው ስትል ሌላዋ ቀጠነ ትላለች። መስከረም ላይ «አንቺ እስካሁን የማንኛችንም አይደለሽምና አንቺ ያዢው» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ሽሮው የእኔ ነው፤ ሁለቱም እኔን ይጨቀጭቁኛል።

ትምህርቴን አልተውኩም። አሥረኛ ክፍል ነኝ፣ ጠዋት ጠዋት እማራለሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ ሽርጤን እደርብበታለሁ። ማታ ከወይዘሮ አበቡ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው የማድረው። ስለ ስሜ የሚያስቡ ከሆነ፣ ሾፌሮቹ «ሽሮዋ» ይሉኛል። ከዚህ የከፋ ስም አልወጣልኝም።

ስለ ጉዞው አስብበታለሁ። ግን እትዬ፣ አንድ ቤት እርስዎንም እኔንም የሚፈልገው በጣም ትልቅ ቢሆን ነው አይደል? ስልክዎስ መቼ ነው የሚሠራው?

የእናቴ አምላክ ይጠብቅዎት።

ልጅዎ የትምወርቅ


አማን፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየትምወርቅ፤

እንኳን ለጌታችን ልደት በሰላም አደረሰሽ።

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ጨዋታ ታውቂያለሽ፣ በዚህ እናትሽን ነሽ፤ ጥያቄዬን ግን አልመለስሽልኝም። «አስብበታለሁ» ምን ማለት ነው? እኔ እኮ ጊዜ የለኝም። ማዳም እስከ ግንቦት መጨረሻ ልጅቷ ካልመጣች ሌላ ነገር አደርጋለሁ ብላለች። ቤቱ ትልቅ ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ትልቅ ነው።

እነዚያ ሴቶች ዛሬ ወደዱሽ እንበል። ነገ ቢጣሉ ወይ ቢሰለቹሽ የት ትገቢያለሽ? የሰው ቤት የሰው ነው፣ የትሜ። ዘጠኝ ዓመት ኖሬበት የማውቀውን ነው የምነግርሽ።

ቢተው በጥር መካነ ሰላም ይመጣል። የሚልሽን ሁሉ እሺ በይው። ሃያ ሦስት ዓመትሽ ነው ካለሽ፣ ሃያ ሦስት ነው በይ።

ጽሑፌ አልነበብ ካለሽ ቀኝ እጄን ትንሽ አሞኝ በግራዬ ስለጻፍኩት ነው። ምንም አይደለም፣ ይድናል።

ሽሮው ላይ ግን በሶብላ ትነሰንሺበታለሽ ወይ? ነጭ ሽንኩርቱን ከመጀመሪያ ነው የምትጨምሪው ወይስ መጨረሻ ላይ? እሱን ጻፊልኝ።

አክስትሽ ዝናሽ


መካነ ሰላም፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ ዝናሽ፤

እንደምን ሰነበቱ? እጅዎስ? ዛሬ የነነዌ ጾም ሁለተኛው ቀን ነው፤ እኔም በርትቼ ይዤዋለሁ።

ነጭ ሽንኩርቱን መጨረሻ ላይ ነው የምጨምረው፣ በሶብላውን ደግሞ ከምድጃው ካወረድኩት በኋላ። ወይዘሮ ኡምኩልሱም በዚህ አይስማሙም።

ቢተው መጥቶ ነበር። ሁለት ሰው የሚበላውን ብቻውን በላና ከአዳራሹ ነጭ ግድግዳ ፊት አቁሞ በስልኩ ፎቶ አነሳኝ። «ሃያ ሦስት ነሽ» አለኝ። «እናቴ ስትወልደኝ አጠገቧ ነበርክ እንዴ?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሺ በይው ብለውኛልና ተውኩት። ከፋሲካ በኋላ ወረቀቱን ጨርሼ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

አሁን ያጠፋሁትን ልንገርዎት። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ረቡዕ ቀን ነበር፣ ለዘጠኝ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው። ጾመኞቹ የሚገቡበት ሰዓት ነው። በዚያው ላይ የደሴው አውቶቡስ ደርሶ አዳራሹ ሞልቷል። የወይዘሮ አበቡ ወጥ ቤት ረቡዕ ስለሆነ ሥጋ የለውም፤ በቀኝ በኩል ግን ቀይ ወጥ እየተቀዳ ነው። ሰው ሲበዛ ወይዘሮ ኡምኩልሱምን ላግዝ ሄጄ ሦስት ሳህን ቀይ ወጥ ቀዳሁና ተመለስኩ። ሽሮዬን ለጾመኞቹ መቅዳት ጀመርኩ። ሰባት ሳህን ወጣ። ስምንተኛው ላይ የያዝኩትን ጭልፋ አየሁት። ጠርዙ ላይ ቀይ ቅባት አለ። የቀይ ወጡን ጭልፋ ይዤው መጥቻለሁ።

እትዬ፣ ማንም አላየኝም። ሽሮውም ቀይ ነው፣ ማንም አይለየውም። ደንበኛችን ቄስ ይሄነው ባርከው ጨርሰው እጃቸውን ወደ ገበታው ሰደዋል። ዝም ብል ሰዎቹ ሳያውቁ ጾማቸውን ይገድፋሉ። ብናገር ደግሞ «ከሙስሊሟ ማጀት ለጾመኛ ሥጋ ተሰጠ» ይባላል፤ በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ሁለቱ ሴቶች አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁት ቤት በእኔ እጅ ሊፈርስ ነው።

ጭልፋውን ከፍ አድርጌ ጮህኩ። «አትብሉ! ሽሮውን በሥጋ ጭልፋ ቀድቼዋለሁ። ያደረግሁት እኔ ነኝ። የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ የወይዘሮ ኡምኩልሱም እጅ የለበትም!»

ሦስት ሰዎች ቀድመው ጎርሰው ነበር። አንዱ ሰደበኝ፤ እውነቱን ነው። ቄስ ይሄነው ተነሡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ወጡ። ሙሐመድኑር ብቻ ቆሞ «ልጅቱ ባትናገር ማን ያውቅ ነበር? ወላሂ እኔ አልናገርም ነበር» አለ። ሽሮውን ድስቱ ውስጥ ከቀረው ጋር ደፋነው። ወይዘሮ አበቡ አለቀሱ። ወይዘሮ ኡምኩልሱም «ከዛሬ ጀምሮ ድስቱን አትነኪም» አሉኝ።

ሁለት ሳምንት ሳህን ብቻ አጠብኩ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ያኔ ወደ እርስዎ ልመጣ ቆርጬ ነበር። ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ ሳለ ወይዘሮ ኡምኩልሱም ደረሱብኝ።

«ወዴት ነው?»

«ቤታችሁን አበላሸሁባችሁ።»

«ጥፋት የሠራ ሁሉ ቢሄድማ ይኼ ቤት ባዶውን በቀረ» አሉኝ። «በመጀመሪያው ዓመት ጣራውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ አበቡን ጠይቂያት። አብሽሪ፣ ፌስታሉን አስቀምጪና ሽንኩርቱን ላጪ።»

ባለፈው ዓርብ ቄስ ይሄነው ተመልሰው መጡ። ተቀምጠው «ሽሮውን ማን ሠራው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባቴ» አሉ ወይዘሮ አበቡ።

«ያቺ ልጅስ?»

«ሳህን እያጠበች ነው።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ፤ እሷ ትሥራልኝ። ጭልፋው ቢሳሳት የምትነግረኝ እሷ ናት።»

አርባ ደቂቃ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ሠራሁላቸው፣ ጨው በዝቶበት ነበር፤ ጠርገው በሉት። ድስቱ ተመልሶልኛል። ቀድመው ከጎረሱት ሦስቱ አንዱ እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ «ቄሱ ያዘዙብኝን ስግደት ግማሹን አንቺ ስገጂልኝ» ይለኛል።

እንግዲህ የእኔ ይኼ ነው። አሁን እርስዎን ልጠይቅ። ኑሪ ያሉኝን ኖሬያለሁ፣ ተማሪ ያሉኝን ተምሬያለሁ። ነይ ካሉኝም እመጣለሁ፤ እምቢ ለማለት አፍ የለኝም። ግን ለምን እንደፈለጉኝ በእውነት ይንገሩኝ። ስልክዎ ስምንት ወር አይበላሽም። እጅዎንም ምን እንደነካው አልነገሩኝም።

ልጅዎ የትምወርቅ


አማን፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

የትሜ፤

ዛሬ በሰላምታ መጀመር አልቻልኩም። ይኼን አንብበሽ ከጨረስሽ በኋላ ካሰብሽኝ፣ ሰላምታውን በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ አንቺው ትልኪልኛለሽ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያንቺን ጭልፋ ማንም አላየም ነበር። የእኔንም ማንም አላየም፤ እኔ ግን ዝም ብዬ መቅዳቴን ቀጥዬ ነበር።

ስልኬ አልተበላሸም። ማዳም ከሰኔ ጀምሮ ወስዳዋለች። ደሞዝም አልዘገየም፣ ጭራሹን ቆሟል። ውሌ ካለቀ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ፓስፖርቴን ስጪኝና አገሬ ልግባ ስላት «ምትክሽን አምጪና ሂጂ» አለችኝ። ቀኝ እጄን የፈላ ዘይት ነው ያቃጠለኝ፤ ሐኪም አላየውም፣ ሁለት ጣቴ አይታጠፍም። በየወሩ አንድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰዓት ይፈቀድልኛል። ይኼን ሁሉ ደብዳቤ የምጽፍልሽም እዚያ ነው።

ምትክ ስትለኝ ወደ አእምሮዬ የመጣሽው አንቺ ነሽ። ከእኔ ጋር ትሆኛለሽ ያልኩሽ ውሸት ነው። አንቺ በበሩ ስትገቢ እኔ ልወጣ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አብረን አናድርም ነበር። ለራሴ ልጅ ናት፣ ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች እያልኩ ነው የከረምኩት። የእህቴን ልጅ። ሆቴል ቤት ብዬ የተናገርኩትንም አፌን ይቁረጠው፤ ለአንቺ ስም አስቤ ሳይሆን ከዚያ ቤት ነቅዬ ላመጣሽ ነው።

አትምጪ። ቢተው ሲመጣ ወረቀቱን አትቀበይው፤ ሃያ ሦስትም አትበይ።

እኔ ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አልመለስም። እንደኔ ያሉትን የሚያስጠጉ ሴቶች አሉ፣ ነግሬያቸዋለሁ። እፈራለሁ፣ ግን እወጣለሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ገና ነው።

ዝናሽ


መካነ ሰላም፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት፣ ለምወድዎት አክስቴ ለእትዬ ዝናሽ፤

መጨረሻ ላይ ላኪልኝ ያሉኝን ሰላምታ መጀመሪያ ላይ አድርጌዋለሁ። እንደምን ነዎት? ጤናዎ እንዴት ነው? እጅዎስ? ግንቦት ሙሉ ለማርያም ስለት ስሳል ነው የከረምኩት። ወይዘሮ ኡምኩልሱም ደግሞ በየሶላታቸው ዱዓ ሲያደርጉልዎት ነበር፤ ስምዎን «ዚነሽ» እያሉ ነው የሚጠሩት፣ አላህ ያውቀዋል ይላሉ።

ሙሐመድኑር ትናንት ከደሴ አንዲት ልጅ ይዞ መጣ። አማን ባስጠጓችሁ ሴቶች መጠለያ ውስጥ አብራዎት ነበረች። መውጫ ወረቀትዎ ተሠርቶ እንዳለቀ፣ ሴቶቹ አዋጥተው ትኬት ሊቆርጡልዎት እንደሆነ ነገረችኝ። አዳራሹ መሐል ቆሜ እልል አልኩ፤ ሰዉም ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ።

ከዚያ ሌላውን ነገረችኝ። «ባዶ እጄን ወግዲ አልገባም፤ እዚሁ ሌላ ቤት ፈልጌ ልቀጠር» እያሉ ነው አለችኝ። ይኼን ደብዳቤ ሌሊቱን ሳልተኛ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ልቤን ልንገርዎት። ደብዳቤዎን ያነበብኩ ቀን ተናድጄብዎታለሁ፣ በጣም። ሁለት ቀን ንዴቴን በሽንኩርቱ ላይ ተወጣሁት። በሦስተኛው ቀን እጅዎ ታወሰኝና አለቀስኩ። አሁን አልፎልኛል። ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ገና ነው ያሉት ለእርስዎ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም።

ቢተው ከፋሲካ በኋላ መጥቶ ነበር። በምሳ ሰዓት ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ፈርሚ» አለኝ። ምን እንዳደረግሁ ያውቃሉ? ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ሃያ ሦስት ብለህ ያጻፍከው አንተ ነህ» አልኩት። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየው። ወይዘሮ አበቡ በግራው በር ወጡ፣ ወይዘሮ ኡምኩልሱም በቀኙ፤ ቆመው አዩት። ያዘዘውን ምግብ እንኳ ሳይጨርስ ወጣ። ሒሳቡን ግን ተቀበልኩት።

እንግዲህ ወደ እርስዎ። ወግዲ ይግቡ ያለዎት ማነው? መካነ ሰላም ይግቡ። ትናንት ማታ ሁለቱን ሴቶች አስቀምጬ ነገርኳቸው። እጅዎን አልደበቅኩም፣ በምትክዎ ሊያስመጡኝ የነበረውንም አልደበቅኩም። ወይዘሮ አበቡ ተቆጡ፤ ሊቆጡ ይገባቸዋል፣ ሲመጡ ይችሉታል። ከዚያ ግን «ዘጠኝ ዓመት የሰው ወጥ ቤት የያዘች ሴት በሁለት ጣት ምክንያት ሥራ አታጣም» አሉ። ወይዘሮ ኡምኩልሱም ደግሞ «በግራ እጅ ገንዘብ መቀበል አይቻልም እንዴ? ሳጥኑ ላይ ትቀመጥ፤ ይቺ ልጅ ክረምቱን ታጥና» አሉ። ተስማሙ እትዬ። እነዚህ ሁለት ሴቶች በጨው እንኳ ተስማምተው አያውቁም።

አልጋ አለ። ሐኪም ደሴ አለ፣ ሙሐመድኑር በነጻ ያደርሰናል። ባዶ እጅ የሚሉትን ነገር አሁን ይተዉት። እኔ ወደዚህ ቤት ስመጣ የያዝኩት አንድ የረጠበ ቦርሳ ነበር።

ሌላ ቤት አይቀጠሩ። ይምጡ። ለምኜዎታለሁ፤ ለምኜ ካልሆነ ደግሞ አዝዤዎታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎት። መናኸሪያ የሚደርሱት በምሳ ሰዓት ከሆነ ልቀበልዎት አልመጣም። ያኔ ሰው ይበዛል፣ ድስቱን ጥዬ መውጣት አልችልም። እንዳይከፋዎት። መንገዱን ተሻግረው በትልቁ በር ይግቡ፣ ባገኙት ወንበር ይቀመጡ። ሽርጥ ያደረገች ረዥም ልጅ መጥታ «ምን ልታዘዝ?» ትልዎታለች። ዘጠኝ ዓመት ሲታዘዙ ኖረዋል፤ ያን ቀን እርስዎ ይዘዙኝ።

ልጅዎ የትምወርቅ